የውርንጭላዋ ተረት

በማስተምርበት የአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ ከእያንዳንዱ ተረት ሥር አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ይላል። ልጆቹ መልሱን በቃላቸው ይዘውታል። ስግብግብነት መጥፎ ነው፣ ትዕግሥት ጥሩ ነው፣ ታላላቆቻችንን እናክብር። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ራይት አደርግላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጥያቄ አልወደውም፤ በእኛ ቤት ጥያቄውን የሚጠይቀው አባቴ ነበር።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከብቸና ዳር ነበር። አባቴ ገበሬ ነው፤ ግን በወጣትነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብቶ ጥቂት ዓመት ቆይቷል። ቅኔውን ትቶ ወደ እርሻ ቢመለስም አመሉ አልለቀቀውም። ሰው «ዝናብ መጣ» ቢለው እንኳ ሌላ ትርጉም ይፈልግለታል። እናቴ «ይኸ ሰውዬ አንድ ቀን ወጡንም ሰምና ወርቅ አለው ሊል ነው» እያለች ታሾፍበት ነበር።

በዓል በዋለ ቀን እርሻ ስለሌለ ከሰዓት በኋላ እኛን ልጆቹን መደብ ላይ ሰብስቦ ተረት ያስወራናል። ከደጅ የረጠበ ጭድ ይሸታል፣ ከመሶቡ ደግሞ ለበዓሉ የተደፋው ድፎ ዳቦ። አንዱ «ተረት ተረት» ሲል ሌሎቻችን «የላም በረት» እንላለን፤ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። በሌላ ቤት ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። በእኛ ቤት ግን አባቴ አንዳችንን በጣቱ ይጠቁምና «ወርቁን አውጪ» ይላል። ወርቅ ማለት ከተረቱ ሥር የተደበቀው ቁም ነገር ነው። ያወጣ ከዳቦው ይቆረስለታል። ጅቡ ከወንዙ በላይ ቆሞ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃ አደፈረስሽብኝ» ሲላት፣ ነገሩ የውሃ ጉዳይ እንዳልሆነ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አውቅ ነበር። ያንኑ ተረት በሌላ አገርም በሌላ አውሬ ስም እንደሚያወሩት የሰማሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። ለካ ጉልበተኛና ሰበቡ የሌሉበት አገር የለም።

የሁላችን ታላቅ እታለም ነበረች። ስሟ አትጠገብ ነው፤ እታለም የምላት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ስድስተኛ ክፍል። በቅልብልቦሽ የሚያሸንፋት አልነበረም፤ አምስቱን ጠጠር በእጇ ጀርባ ስትቀልባቸው አንዱም አይወድቅባትም። ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ጸጉሬን ስትሠራኝ እጇ ቅቤና ጠመኔ ይሸት ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከሞጣ በኩል ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ መጀመሪያ «እንመካከርበት» ብሎ ሸኛቸው፤ ሲመለሱ ቃል ሰጣቸው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ለእታለም ፊት ለፊት የነገራት የለም፣ ግን ጌሾ ሲወቀጥ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። ደብተሯን ዘርግታ ባዶው ገጽ ላይ አፍጥጣ ትውላለች። አባትን «አላገባም» ማለት ደግሞ በእኛ ቤት የማይታሰብ ነገር ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት እንደ ልማዳችን መደብ ላይ ተሰበሰብን። እታለም «ዛሬ እኔ ልጀምር» አለች።

«አንድ ገበሬ አንዲት የአህያ ውርንጭላ ነበረችው። ገና ከእናቷ ሥር አልራቀችም። አንድ ነጋዴ መጣና ስጠኝ አለው። ገበሬው ነጋዴውን አፍሮ እሺ አለ። ውርንጭላዋ ይህን ሰምታ ጮኸች። ገበሬው የራባት መስሎት ሣር ጨመረላት። ደግማ ጮኸች፣ ደግሞ ሣር ጨመረላት። ነጋዴው ወሰዳትና ወገቧ ሳይጠና ጫናት። ዳገቱ መሐል ስትደርስ ወገቧ ተሰበረ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

ይህን ሁሉ ስታወራ ዓይኗን ከአባቴ ላይ አልነቀለችም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ወርቁን ወዲያው አወቅሁት። እናቴም ያወቀች ይመስለኛል፤ እንዝርቷን አስቀምጣ ጓዳ ገባች። እጄን አወጣሁ። አባቴ ግን ማንንም አልጠቆመም። «የዛሬውን እኔ አወጣዋለሁ» አለ።

«ውርንጭላዋ ነፍስ ናት። ነጋዴው ዓለም ነው፣ ጭነቱም ኃጢአት። በጾም በጸሎት ሳይጠና ዓለምን የተሸከመ ሰው ዳገቱን አይወጣም። ግሩም ተረት ነው፣ ልጄ።»

ዳቦውን ቆርሶ ሰጣት። እሷም ተቀብላ ሳትቀምሰው ለእኔ አቀበለችኝ። እኔም በላሁት። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ያኔ ግን ልጅ ነኝ፣ ዳቦ ነው፣ በላሁት።

ከዚያ ወዲያ እታለም ተረት አላወራችም። ጥር ላይ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህሯ «ልጅቷ ለምን ቀረች?» ብሎ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። የማኅበር ድግስ ነው ተብሎ ጠላ ቀመሰና ተመለሰ። በማግስቱ በበቅሎ ወሰዷት።

ሁለት ዓመት አልሞላም። ምጥ ሦስት ቀን ቆይቶባት፣ ከገጠሩ ወደ ሞጣ በቃሬዛ ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች። ሕፃኑም አልተረፈም። መርዶውን ያረዱን ጎህ ሲቀድ ነው። አባቴ ደረቱን እየደቃ «ምነው በነገርሽኝ ልጄ፣ ምነው በነገርሽኝ» እያለ ሲያለቅስ የሰማው ለቀስተኛ ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እኔም ከእህቴ ይልቅ ለእሱ አዘንኩ። ያን ሁሉ ቅኔ የፈታ ሰው የገዛ ልጁን ቃል መፍታት አቃተው እያልኩ ሃያ ዓመት ያህል ሳዝንለት ኖርኩ። ቤታችን ውስጥ ከዚያ በኋላ «ወርቁን አውጪ» ያለ የለም።

አባቴ ሊሞት ዓመት ሲቀረው ልጠይቀው ሄጄ አጠገቡ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነበር። ዓይኑ ደክሟል። ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ፤ ተረት እያረምኩ ነው አልኩት።

«ያቺ ልጅ ያወራችው ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

«የውርንጭላዋ? ይለኛል አባዬ። ያኔ ስላልገባዎት ራስዎን አይውቀሱ።»

«ገብቶኝ ነበር» አለ። «ገና ሣሩ ላይ ስትደርስ ነው የገባኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ። አንቺ እጅሽን ስታወጪ አየሁና ቀደምኩሽ።»

አላጽናናሁትም። ደብተሮቹን ሰብስቤ ደጅ ወጣሁ። ሞቶ ስቀብረውም አለቀስኩ፣ ግን እንደ ድሮው አላዘንኩለትም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዛሬ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተረት ስታወራ ትምህርቱን አልጠይቃትም። ከክፍል ስንወጣ ጠራ አድርጌ «ቤት ምን አለ?» እላታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም፣ ልጅቷም ትገረማለች። እኩዮቼ ስንገናኝ የዛሬ ልጅ ሞባይል ላይ ተጥዶ ተረት አጣ፣ እኛን ያሳደገን ተረት ነው እያሉ ይቆጫሉ። ያ መደብ እኔንም ይናፍቀኛል፣ ተራችን እስኪደርስ የምንጋፋው ሁሉ። ተረት ጆሮ ይከፍታል ሲሉኝ ግን አልቀበልም፤ ጆሮማ አባቴም ነበረው። እኛን ተረት አሳደገን እንበል። እታለም ግን አሥራ አምስት ዓመቷን ሳትጨርስ ቀረች፤ ከሁላችን አሳምራ የተረተችው ደግሞ እሷ ነበረች።