ከጫማ ወረቀት የተሠራው ፊኛ

ባለፈው ሰኔ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሰውዬ የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር። በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የያዘው ሙጫ ከዱቄትና ከውኃ የፈላ ነው፤ ከተሠራም ሰንበት ሳይል አልቀረም፣ መኮምጠጥ ጀምሯል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የቆምኩበትን ሰልፍ ረሳሁት። ተራዬ ደርሶ ከኋላዬ ያለችው ሴት «እህቴ፣ አትገቢም እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጣቶቼ በሙጫ ተጣብቀው፣ ቲቸር አያንቱ ከጀርባዬ ቆመው።

ትምህርት ቤታችን ገርጂ ነበር። ያን ጊዜ ገርጂ የከተማው ጫፍ ነው። ከመማሪያ ክፍሎቻችን ጀርባ የሽቦ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ የጤፍና የሽምብራ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል የክፍላችን ጣሪያ ይንቀጠቀጣል፤ አስተማሪው ንግግሩን አቋርጦ ይጠብቃል፤ ድምፁ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። በአንድ ዴስክ አራት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ለሳይንስ ትምህርት ያለን ዕቃ በዳይሬክተሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው የሚቀመጡ አንድ ማግኔት፣ አንድ የተሰነጠቀ አጉሊ መነጽርና መመዘኛ ብረቶቹ የጠፉበት ሚዛን ብቻ ነው።

ቲቸር አያንቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩን ነበር። ከወለጋ የመጡ፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ስለነበር ከክፍል ውጪም አውቃቸዋለሁ። እሑድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። ቅዳሜ ልብስ አጥበው ሲጨርሱ የሳሙናውን አረፋ በሸምበቆ እየነፉ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ያሳዩናል። «አያንቱ ልጅነቷን ሳትጨርስ ነው አስተማሪ የሆነችው» ትል ነበር እናቴ።

ክፍል ውስጥ ግን ቁጥብ ነበሩ። ሰሌዳ ላይ ብዙ አይጽፉም። ክፍልፋይ ያስተማሩን ዳቦ ገዝተው መጥተው፣ ፊታችን ቆራርጠው ነው። የክብን ዙሪያ ሊያስተምሩን ደግሞ ከየቤታችን ድስት፣ ባልዲና የበርሜል ክዳን አስመጥተው በሲባጎ አስለኩን። የእያንዳንዱ ዙሪያ የወርዱ ሦስት እጥፍ ከትንሽ ትርፍ ጋር እየሆነ ሲመጣ ክፍሉ ተንጫጫ። እሳቸው «ድስቱ ከባልዲው ጋር ተማክሮ ይሆን?» አሉን እንጂ ምንም አልጨመሩም። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ የጻፉት በሚቀጥለው ቀን ነው።

የፊኛው ነገር የተጀመረው ጥር ላይ ነው። መጽሐፋችን «አየር ሲሞቅ ይቀላል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል» ይላል። ሰይድ እጁን አወጣ። ሰይድ ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ፣ አባቱ ጋሽ ሁሴን መገናኛ ጫማ የሚሸጡ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚጠራጠር ልጅ ነበር።

«ቲቸር፣ አየር እኮ ክብደት የለውም። ክብደት የሌለው ነገር እንዴት ይቀላል?»

ልጆቹ ሳቁ። ቲቸር አያንቱ አልሳቁም። መጽሐፉን ዘግተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን የምመልስልህ እኔ አይደለሁም» አሉት። «ስስ ወረቀት ከየት እናገኛለን?»

ወረቀቱ ከጋሽ ሁሴን ሱቅ ተገኘ። አዲስ ጫማ ካርቶኑ ውስጥ በስስ ነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ገዢው ጫማውን ለክቶ ወረቀቱን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ሰይድ የተጣለውን እየለቀመ በደብተሩ መካከል አጣጥፎ ያመጣል፣ እናቴ ለብ ባለ ካውያ ታቃናዋለች። ለሙጫው ዱቄት ከየቤታችን በጭልፋ አዋጣን። ወረቀቱን እንደ ብርቱካን ፍልቃቂ፣ መሃሉን ሰፊ ጫፍና ጫፉን ጠባብ አድርገን መቁረጥ ነበረብን፤ እያንዳንዱ መሃሉ ላይ ስንት እንደሚሰፋ ለማወቅ የድስቱና የባልዲው ሒሳብ ተመልሶ መጣ። ሒሳቡን የተሳሳተ ቡድን ወረቀቱ አልገጥም ይለዋል። ያን ሰሞን ቀዩ እስክሪብቶ ሥራ ፈታ፤ የሚያርመን ወረቀቱ ራሱ ሆነ።

የመጀመሪያው ፊኛ በከሰል ምድጃ ላይ ሲሞቅ፣ ከመሬት ሳይነሣ ጎኑ ተቃጠለ። ለቀናት የተለጠፈው ወረቀት በዓይን ጥቅሻ አመድ ሲሆን ጥቂት ልጆች አለቀሱ። ቲቸር አያንቱ አመዱን በእግራቸው ጫፍ እየነካኩ «እሳቱ ቅርብ ነበር» አሉ፤ ከዚያም ባዶ የወተት ጣሳዎች ሰብስበው፣ ከላይና ከታች ቀደው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ሰክተው ለከሰል ምድጃው ጭስ ማውጫ ሠሩለት። ሙቀቱ ብቻ ወደ ፊኛው እንዲደርስ፣ ነበልባሉ እዚያው እንዲቀር። ለሁለተኛው ፊኛ የሚሆን ወረቀት እስኪጠራቀም ደግሞ ጠበቅን።

ቲቸር አያንቱ ሜዳ ላይ ለመውጣት ዳይሬክተሩን አቶ ጌታሁንን አስፈቅደዋል። እኔ ደብተር ተሸክሜ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ስለነበር ሰምቻለሁ። አቶ ጌታሁን ካጎነበሱበት ቀና ሳይሉ «ልጆቹ እንዳይቃጠሉ ብቻ» ነበር ያሉት።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ወደ ታጨደው ማሳ ወጣን። ሰይድና ሁለት ልጆች የፊኛውን አፍ ከጭስ ማውጫው በላይ ያዙ። መጀመሪያ የተጨማደደ ከረጢት ነበር። ቀስ በቀስ ጎኑ ተነፋ፣ ትከሻ አወጣ፣ ቀና አለ። ሰይድ «ቲቸር፣ እየጎተተኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እንግዲያው ልቀቀው» አሉት።

ፊኛው ወጣ። እንዳይጠፋ በስፌት ክር ታስሮ ነበር። የእኔ ቡድን ሥራ ፈንጠር ብሎ መቆምና ጠጠር በተንጠለጠለበት ፕሮትራክተር ከፍታውን መለካት ነው፤ ማዕዘኑን አንብበን ሳንጨርስ ነፋስ መጣና ክሩ ተበጠሰ። ነጩ ነገር ከባሕር ዛፎቹ በላይ ሆኖ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተንሳፈፈ። እኛ እየዘለልን ስንጮህ ማናችንም ወዴት እንደሚሄድ አላሰብንም። ቲቸር አያንቱ ግን እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሲያዩት ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ፊኛው እየበረደ፣ ዝቅ እያለ፣ ከማረፊያው አጥር ወዲያ ወረደ።

ዕቃችንን ሰብስበን ሳንጨርስ አንድ ፒክአፕ አቧራ እያስነሣ መጣ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወረዱ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ብዙ አልቆየም፤ ሰው በትንሽ ነገር የሚደነግጥበት ጊዜ ነበር።

«ይሄን የላከው ማነው?» አለ አንዱ። ፊኛችን እጁ ላይ ተጨማዶ ነበር።

አቶ ጌታሁን እየሮጡ ደረሱ። «እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ትምህርት ቤቱ አልፈቀደም» አሉ። ጉንጫቸው ላይ ላብ ይወርድ ነበር።

ቲቸር አያንቱ ወደ እሳቸው አልዞሩም። እጃቸውን በሹራባቸው ጠረጉና «እኔ ነኝ። ልጆቹ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «ከሰሉ ላይ ውኃ አፍሱበት፣ ገለባው እንዳይያያዝ» ብለው መኪናው ላይ ወጡ።

ያን ቀን ሳይመለሱ ቀሩ። ሰፈር ውስጥ «ልጆቻችንን ልታስፈጅ ነበር» ያለም አለ፣ «ምስኪን» ያለም አለ። ጋሽ ሁሴን ግን በማግስቱ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ሰይድን አስከትለው እኛ ቤት መጡ።

«ወረቀቱ ከእኔ ቤት የወጣ ነው» አሏት እናቴን። «የሚጠየቅ ካለ እኔም አብሬ ልጠየቅ።»

እናቴ ምግብ ቋጥራ ከእነሱ ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያው ላከችኝ። የጣቢያው አዛዥ ረጅም፣ እንቅልፍ ያጡ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ፊኛው ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ቲቸር አያንቱ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩን ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው» አሉ አዛዡ ለጋሽ ሁሴን። «እሷ ያነሣው የከሰል ሙቀት ነው ትላለች። እርስዎ ከሰል ዕቃ ሲያበር አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ ጫማ ሻጭ ነኝ፣ ጌታዬ። ልጄ ግን አይቻለሁ ይላል።»

አዛዡ ሰይድን ተመለከቱት። ሰይድ «እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር» አለ።

«ምድጃ ካለ እዚሁ ማሳየት ይቻላል» አሉ ቲቸር አያንቱ።

ሻይ የሚፈላበት ምድጃ ግቢው መሃል ተቀመጠ። ቲቸር አያንቱ ሲወድቅ የተቀደደውን ጎን በፕላስተር ደፈኑ። ጭስ ማውጫ ስላልነበረ ሁለት ፖሊሶች በርጩማ ላይ ቆመው የፊኛውን አፍ ከፍ አድርገው ያዙ፤ አንደኛው እንዳይቃጠል ፊቱን አዙሮ ነበር። ረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ጋሽ ሁሴን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ትከሻ አወጣ። ፖሊሶቹ ሲለቁት ወደ ቢሮው ጎን እየተንሳፈፈ እስከ ጣሪያው ወጣ፣ የቆርቆሮውን ጠርዝ ነካ፣ ትንሽ ተወዛወዘ። ፊቱን ያዞረው ፖሊስ አጨበጨበና አዛዡን አይቶ እጁን አወረደ።

«አሁን ምን ይሆናል?» አሉ አዛዡ።

«ሲበርድ ይወርዳል።»

ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ወረደ። አዛዡ ራሳቸው ሄደው አነሡት፤ ውስጡን አጎንብሰው አዩና ለቲቸር አያንቱ ሰጧቸው። «ከዚህ በኋላ እዚያ ሜዳ ላይ እንዳላይ» አሉ። «ከማረፊያው ራቅ ብላችሁ ከሆነ ግን እኔንም ጥሩኝ።»

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሰይድ «ቲቸር፣ ፈርተው ነበር?» አላቸው።

«በጣም» አሉት።

እኔ ደግሞ አቶ ጌታሁን ሲፈቅዱ በጆሮዬ እንደሰማሁ ነገርኳቸው። ለሰው ሁሉ ልናገርላቸው ፈልጌ ነበር። ቲቸር አያንቱ «እሳቸውም የሚያሳድጓቸው ልጆች አሏቸው» አሉኝ። ያኔ መልሱ አላረካኝም። አሁን ሳስበውም ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም።

ሰኞ ዕለት በሰልፉ ላይ አቶ ጌታሁን ከክፍል ውጪ የሚደረግ ማንኛውም የሙከራ ትምህርት መከልከሉን አስታወቁ። ክረምት ሲገባ ቲቸር አያንቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ፍራሻቸውንና የእንጨት ሣጥናቸውን በጋሪ ጭነው ሲሄዱ ዝናብ ስለነበር ስንብታችን አጭር ሆነ። ከዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀው የለም።

መስከረም ላይ ስድስተኛ ክፍል ስንገባ አዲስ የሳይንስ መምህር ተመደቡልን፤ አቶ ደረጄ የሚባሉ፣ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል» ብለው ጻፉና «ገልብጡ» አሉን። ዞር ሲሉ ማንም አይጽፍም። ደብተራችን ተከፍቷል፣ እስክሪብቶ ይዘናል፣ ሁላችንም እሳቸውን እናያለን። ተነጋግረንበት አልነበረም።

«ምን ሆናችኋል? ለምን አትጽፉም?»

ሰይድ ተነሣ። «እስክናየው እየጠበቅን ነው» አለ።

አቶ ደረጄ ሊቆጡ ቃጣቸው። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ማንም አልሳቀም፣ የሚቀልድ ፊት አልነበረም። ጠመኔውን አስቀመጡና የቀረውን ሰዓት የቤት ሥራችንን ሲያርሙ ቆዩ። በማግስቱ ሲገቡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ፈቱት፤ አንድ ወፍራም ሚስማር፣ ሚስማሩ ልክ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ቆርቆሮና ሻማ።