ሁዳዴን የጾመችው ድመት

የልጅ ልጄ የዱቄት ወተት ጣሳ በከፈተ ቁጥር ያ ደረቅ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን ይመታኛል፤ ሳቄም ይመጣል። አሮጊቷን ምን ያስቃታል ትሉ ይሆናል። እስቲ ስሙኝማ።

ያ ክፉ ቀን ነበር፤ ዝናብ ጠፍቶ፣ ንጉሡ ሊወርዱ ነው የሚባልበት። መካነ ሰላም ባለው ቤታችን ውስጥ የቀረን አንድ ጎታ የገብስ ዘር ብቻ ነበር። እሱን ከአይጥ የምትጠብቅልን ቡራቡሬ ድመታችን ነበረች። ታዲያ ምን ሆነች፣ ማከክ ያዛት። አንገቷን እስኪደማ ትቧጭራለች፣ ጆሮዋ ሥር ያለው ጠጉር ረገፈ። "ሕፃኑ ወንድምሽ ላይ ሳታጋባ ትውጣልኝ!" አለች እናቴ። እኔ ደግሞ ድመቷን አቅፌ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቄሱ አባቴ፣ ሁዳዴ ሲገባ ጸበል ይረጯት ጀመር። እሷ ስትሸሽ፣ እሳቸው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሲያባርሯት፣ እኛ በሳቅ ስንፈርስ! ግን ዳነች። ለፋሲካ ጠጉሯ ሞልቶ ያብረቀርቅ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ "እሰይ፣ ጸበሉ ሠራ!" አለ።

ፋሲካ አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ማከክ ተመለሰባት። እናቴ ወደ ከላላ ለሚሄድ ነጋዴ በጆንያ ልትሰጣት ቆረጠች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በእርዳታ የተሰፈረልንን የዱቄት ወተት ከኩባያዬ እየቀነስኩ፣ ተደብቄ አጠጣት ነበር። ሁዳዴን እኔ ስጾም እሷም አብራኝ ጾመች፤ እኔ ስፈታ እሷም ፈታች። ሰው በረሃብ በሚያልቅበት ዘመን ወተት ለድመት! ብናገር አለንጋ፣ ዝም ብል ጆንያ።

"አባባ፣ ወተቱ ነው" አልኳቸው እያለቀስኩ፤ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ግን ጢማቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። "ለካ ያዳናት ጾሙ ኖሯል! በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወተት ዕድሜ ልኳን ትጹም። አይጡን ግን ፈቅጄላታለሁ።" እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ጆንያውንም ወደ ቦታው መለሰችው።

ወተቱ ሲቀር ማከኩም ቀረ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲመጣ አባቴ ጎታውን ከፈቱ፤ ዘሩን አይጥ አልነካውም። በእፍኛቸው አንስተው ሲያዩት ዕንባቸው መጣ። ድመቷ እግራቸው ሥር ስትታሻሽ ጎንበስ ብለው አንገቷን ዳበሷት። አባቴ ድመት ሲዳብሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።