የፈታይዋ ዓይኖች

እትዬ አስቻለችን ያወቅኳቸው በሥራ ምክንያት ነው። ካዛንቺስ ያለው ቢሯችን በአገር ጥጥ ለሚሠሩ ትንንሽ የሽመና ድርጅቶች ድጋፍ ይሰጣል፤ የእኔ ሥራ ድጋፉ የደረሳቸውን እየዞሩ ማየትና ሪፖርት መጻፍ ነው። እትዬ አስቻለችና ባለቤታቸው ጋሽ ሃይላይ ከመስቀል ፍላወር ጀርባ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እሳቸው ይፈትላሉ፣ ባላቸው ይሸምናሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ኖረዋል።

አምና ጋሽ ሃይላይ አመለከቱና ተፈቀደላቸው። ሁለት አዳዲስ የሽመና ዕቃዎች ገዛንላቸው፤ አንድ ሸማኔም ቀጠሩ። ወዲያው ወደ ውጭ የሚላክ የአንገት ልብስ ትዕዛዝ መጣ። ውሉ ላይ ክሩ በሙሉ በእጅ የተፈተለ የአገር ጥጥ ይሁን ይላል። ፎርማችን ላይ ስለ ዕቃው፣ ስለ ሸማኔው፣ ስለ ገዢው የሚሞላ ቦታ ነበረ። ስለ ፈታይ ግን አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። ለሁለት ዕቃ የሚበቃውን ክር ማን ይፈትለዋል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሐምሌ ላይ ስሄድ እትዬ አስቻለች ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀና ወለሉን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሲፈልጉት አየሁ። እግራቸው ሥር ነበር።

«እትዬ፣ ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ?»

«ድካም ነው ልጄ። ትዕዛዙ ይውጣና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

«ትንሽ ቢያርፉስ?»

«እኔ ካረፍኩ ዕቃው ይቆማል። ቆመ ብለሽ ደግሞ ትጽፊያለሽ» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ቢሮ ተመልሼ «ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ታዲዎስ የሚባል የገዢው ወኪል ጨርቁን ሊያይ መጣ። ከአንዱ ጫፍ ክር መዘዘና ላይተር ለኮሰበት። ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆን ነበር፤ ይሄ ግን ቀልጦ ጥቁር ዶቃ መሰለ። ሌላ መዘዘ፤ ያው ነው።

«ይሄ እኮ ፕላስቲክ አለበት» አለ ቀስ ብሎ።

ጋሽ ሃይላይ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ምንድነው ያደረግሽው? አዋረድሽኝ እኮ!» ብለው በሁላችን ፊት ጮኹባቸው።

እትዬ አስቻለች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «አልደርስ ስል ከገበያ ክር ገዛሁ። ከራሴ ፈትል ጋር እየገመድኩ ሰጠሁ። ጥጥ ነው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ለይቼ ማየት አልቻልኩም።»

ትዕዛዙ ተሰረዘ።

በሳምንቱ እትዬ አስቻለችን ከባላቸው ጋር ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ግላኮማ የሚባል የዓይን ነርቭ በሽታ ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፤ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ግን የነበረውን ማቆየት ይቻል ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ሃይላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሹ፣ «እኔ አውቅ ነበር» አሉኝ።

«ስለ ዓይናቸው?»

«ስለ ክሩ። የሷን ፈትል ጣቴ ያጣዋል? ትዕዛዙ እስኪወጣ ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ደግሞ በሰው ፊት ጮህኩባት።»

«ነግረዋቸዋል?»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

ቢሯችን የድጋፍ ውሉን አቋረጠ። አዳዲሶቹ ዕቃዎች ጎተራ ሰፈር ላለ ሌላ ማኅበር ተሰጡ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሃይላይ አሁን አንድ ሆቴል በር ላይ ጥበቃ ናቸው።

የታኅሣሥ ብርድ በገባ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ አስቻለች አልጋው ጫፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ድምፄን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ቀድሜ ማስተዋል ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ምን አደረግሽ? እኔ ነኝ የደበቅኩት። ከእንግዲህ አትችይም እንዳልባል ፈራሁ» አሉ። እጄን ሳይለቁም፣ «ሃይላይም የክሩን ነገር ያውቅ ነበር» አሉ።

ደነገጥኩ። «ነገሩዎት?»

«አልነገረኝም። ግን ሠላሳ ዓመት የፈተልኩት ለሱ ጣት ነው፤ እንዴት አያውቅም? ቢነግረኝ ቅር አልሰኝም ነበር። አንቺ እንዳትነግሪው፤ ራሱ ይናገር።»

ወዲያው ጋሽ ሃይላይ ዳቦ ይዘው ገቡ። ቆረሱና ሚስታቸው እጅ ላይ አስቀመጡ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ብርዱ በረታ» አሉ።

«አዎ፣ በረታ» አሉ እትዬ አስቻለች።

የክሩን ነገር ሁለቱም አላነሱም። እኔም ተሰናብቼ ወጣሁ።