አባቴ ሆን ብሎ የሚስትባት ሽጉጥ

ሽጉጥ ሲባል የሰው ፊት የሚጠቁርበት ዘመን ነበር። እኛ ቤት ግን ሽጉጥ ማለት እሁድ ማለት ነበር።

አባቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሚሠራ መካኒክ ነበር። በደርግ መጀመሪያ ፋብሪካው ተወርሶ ፈረንጅ አለቃው ወዳገሩ ሲመለስ፣ አንዲት አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከነጥይት ካርቶኖቿ በሕጋዊ መንገድ አዛውሮለት ሄደ። ለጠብ የተሠራች አልነበረችም። አፈሙዟ ረጅም፣ የእንጨት እጀታዋ ሰፊ፣ ቃታዋ ለስላሳ፣ ለዒላማ ብቻ የምትሆን ዕቃ። እሷን ወገቡ ላይ ለመታጠቅ የሞከረ ሰው መቀመጥ አይችልም።

እሁድ ጠዋት እኔና አባቴ ከናዝሬት ወጣ ብሎ ወዳለው ደረቅ ወንዝ እንወርዳለን። አባቴ የቀበሌያችንን አብዮት ጥበቃዎች ተኩስ ያለማምድ ስለነበር፣ ምን ታደርጋላችሁ ያለን የለም። የቲማቲም ጣሳ ድንጋይ ላይ ያቆምና «በይ» ይለኛል። እኔ ታይፒስት ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ሲደበድቡ የከረሙት ጣቶቼ ቃታዋ ላይ ሲያርፉ እንዴት ደስ እንደሚላቸው!

«ሳቢው እንጂ አትቆንጥጪው» ይለኛል። ጣሳው ሲዘል እሱ ከጣሳው በላይ ይዘላል። ቤት ገብተን ጋዜጣ ላይ አጋድመን በዘይት ስንወለውላት፣ እናቴ ከነምጣዷ ወደ ጓሮ ትሰደዳለች።

አባቴ ጣሳ ስቶ አያውቅም፣ ወደ ዓለም ጤና ከተማ ካልሄደ በቀር።

እዚያ ታላቅ ወንድሙ አሉ፤ ሽንኩርት አምራች፣ ቁመታም፣ ሳቃቸው ከመንገድ የሚሰማ። በዓል በመጣ ቁጥር ሽጉጧን ይዘን እንሄዳለን። ከምሳ በኋላ ጎረቤት ይሰበሰብና ዒላማ ይተኮሳል። አጎቴ ይተኩሳሉ፣ አባቴ ይከተላል፣ ሁልጊዜም አጎቴ ያሸንፋሉ።

«ዛሬም አልቀናህም!» ይሉታል።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ እኮ እጅ ነው» ይላል አባቴ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

ስንመለስ እኔ አውቶቡስ ውስጥ እበግናለሁ። ለምን ብዬ ስጨቀጭቀው፣ «ታላቄ ነው። በገዛ ደጁ፣ በጎረቤቱ ፊት ላሳፍረው?» ይለኛል። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

አባቴ ባጭር ሕመም ሞተ። አርባው ሳይወጣ ቀበሌው ጠራን። ባለቤቱ የሞተበት መሣሪያ፣ ቤተሰብ የተስማማበት አንድ ወራሽ ካልተገኘለት ገቢ ይሆናል አሉን። የአርባው ዕለት አጎቴ ነገሩን አነሱት።

«ብረት የዘር ነው» አሉ። «አንቺ ነገ ታገቢያለሽ። የወንድሜ ሽጉጥ የማላውቀው አማች ቤት ልትገባ ነው?»

ክፋት አልነበረባቸውም። እናቴ ደግሞ፣ «ስጫቸውና እንገላገል። እኔ ከዚያች ብረት ጋር ተኝቼ አላውቅም፣ ነቅቼ ነው የኖርኩት» አለች።

አባቴ ሞተ፣ እሺ። እሁድም አብሮት ይቀበር? ሐዘንተኛ መሆኔን ረስቼ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ጋሼ፣ እንተኩስ። ያሸነፈ ይውሰዳት» አልኩ።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። «አባትሽ ያቃተውን?» አሉ አጎቴ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ተስማሙ።

በሚቀጥለው እሁድ ሽጉጧን ይዤ ዓለም ጤና ወረድኩ። የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃዎች ተኩስ ሰምተው እንዳይደነግጡ አጎቴ አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። እነሱም ሊመለከቱ መጥተው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ጉብ ጉብ አሉ። ከመስኖው ቦይ ማዶ ስድስት ጣሳ ተደረደረ።

አጎቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተኮሱ። አራት ወደቀ። ጎረቤቱ አጨበጨበ። ጣሳዎቹ እንደገና ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ» ብለው፣ ኦሮምኛ ቀላቅለው፣ ሽጉጧን በእጄ አስያዙኝ። ገና አልበረደችም ነበር።

አንዱን መታሁ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እኩል ሆንን። አምስተኛው ላይ ቆም አልኩ። ብስት ሁሉም ደስ ይለዋል፤ አጎቴ እንደተከበሩ ይውላሉ፣ እናቴ እንቅልፏን ትተኛለች፣ አባቴም በሕይወት ቢኖር ጨዋ ልጅ ወለድኩ ይል ነበር። ብመታ ደግሞ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀላቸውን ክብር የማፈርሰው እኔ ነኝ። ሽጉጧን ዝቅ አደረግኩ። ልስት ወሰንኩ። ከዚያ ሽጉጧን መልሼ ሳነሳ ጣሳውን አየሁትና ወደድኩት፤ ሌላ ቃል የለኝም። ሳብኩ እንጂ አልቆነጠጥኩም። ወደቀ። ስድስተኛውም ወደቀ።

ያጨበጨበ የለም። አንዱ ጥበቃ ጉሮሮውን ጠረገ። አጎቴ ቦዩን ተሻግረው አንዱን ጣሳ አነሱና በቀዳዳው ውስጥ ጣታቸውን ከተቱ። ቀስ ብለው ተመለሱ።

«አባትሽ ነው ያስተማረሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እሱ ሁልጊዜ የሚያንሰኝ በአንድ ነው» አሉ። «ያልቻለ ሰው አንዳንዴ በሁለት ይስታል፣ አንዳንዴ በሦስት። አንዳንዴም ሳያስበው ያሸንፋል። እሱ ግን በአንድ፣ ሁሌ በአንድ።»

ባዶ ቀለሆቹን ከሽጉጧ አራገፍኩ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «በሚቀጥለው በዓል ታላቅነቴን ይተውና እንደ ወንድም ይገጥመኛል እያልኩ ስጠብቅ፣ ሞተብኝ።»

ከዚያ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያንቺ ናት። ለቀበሌሽም እኔው እነግራለሁ። አሁን ግን ደግመሽ ተኩሺ። እሱ የደበቀኝን ልየው።»

የያዝኩት ጥይት እስኪያልቅ ተኮስኩ። አንድ ጎረቤት ጣሳ ሊያቆም ብድግ ሲል «ተቀመጥ» አሉት። በየዙሩ ያን ቦይ እየተሻገሩ ጣሳዎቹን ያቆሙልኝ ራሳቸው ነበሩ።