ግሪሳ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አያነብም

ነጋሪት የሚጎሰምላቸው ትልልቅ ሰዎች ስለበዙ፣ ዛሬ ለአንዲት ትንሽ ሰው እንጎስማለን። በደጋም በቆላም፣ በጽሕፈት ቤትም በበረትም ያላችሁ ሁሉ ይህን እወቁ፦ የገዘሩ ገበሬ የታሪኩ ሦስተኛ ልጅ፣ ቁመቷ ከጥቁር ሰሌዳው እኩሌታ ብዙም የማያልፈው ኤፍራታ፣ በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር የማስተማር ልምምዷን ጨርሳ፣ ተመስግና፣ ተሸኝታ፣ ሊወስዳት በመጣው መኪና ላይ አልወጣችም። በዚህ ድርጊት የተነሳ መንግሥት አልወደቀም፣ የምትማርበት የመምህራን ኮሌጅም አልፈረሰም። የወረቀቱ ዓለም ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላላትም።

ለደጋው ገዘር ሰው ቆላው አርቦሬ ውጭ አገር ነው። ፓስፖርት አይጠየቅበትም እንጂ ቋንቋው ሌላ ነው፣ ምግቡ ሌላ ነው፣ ፀሐይዋ ራሷ ሌላ ናት። የልምምዱ ምደባ ኮሌጁ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጓደኞቿ ጂንካ ከተማ ውስጥ፣ ባጃጅ በር ድረስ በሚያደርስበት ትምህርት ቤት ደረሳቸው። ከእሷ ስም ትይዩ የተጻፈው አርቦሬ ነበር። እናቷ ሲሰሙ፣ ለሁለት ወር ሳይሆን ለሁለት ዓመት እንደሚሄድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስደረጉላት። በማግስቱ ደግሞ ወፍራም ቀይ የሱፍ ሹራብ ሻንጣዋ ውስጥ ከተቱ።

«እማ፣ እዚያ እኮ ሙቀት ነው።»

«የሰው አገር ብርድ አያጣም» አሉ እናቷ፤ ሻንጣውንም በጉልበታቸው ተጭነው ዘጉት።

ሹራቡ ለሁለት ወር ትራስ ሆኖ አገለገለ።

ትምህርት ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ደወሉ ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ። ኤፍራታ የተሰጣት ሦስተኛ ክፍል ነበር። መዝገቡ አርባ አንድ ተማሪ ይላል። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስድስት ገጽ የትምህርት ዕቅድ ታቅፋ ስትገባ አራት ልጆች አገኘች። አንደኛው ተኝቷል።

ርዕሰ መምህሩ አቶ እውነቱ ከሩቅ አገር ተመድቦ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሰው ነው። ሄዳ ጠየቀችው።

«ጋሽ እውነቱ፣ ልጆቹ የታሉ?»

«ሥራ ላይ ናቸው።»

«የምን ሥራ?»

«ግሪሳ» አለና ሻዩን ጠጣ።

ግሪሳን የማያውቅ የከተማ ሰው ካለ፦ ከጣት እምብዛም የማትበልጥ ወፍ ናት። አንዷ ብቻዋን ምንም አታደርግም። ችግሩ ብቻዋን መጥታ አለማወቋ ነው፤ በሺህ ተደራጅታ ነው የምትመጣው። አንድነት ኃይል ነው የሚለውን መፈክር ሰዎች ግድግዳ ላይ ጻፉት እንጂ ሥራ ላይ ያዋለችው ግሪሳ ናት። ማሽላው እሸት ሲሆን ትደርሳለች። ስለዚህ የአርቦሬ ልጅ ጎህ ሲቀድ ማሽላው መካከል ከተተከለው ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ላይ ይወጣል፤ የደረቀ የጭቃ ድቡልቡል በወንጭፍ እያስወነጨፈ፣ እየጮኸ ወፍ ሲያባርር ይውላል። ያን ጊዜ ያልጠበቀ ቤት ዓመቱን ሙሉ ጎረቤት ይጠብቃል።

ኮሌጁ ለኤፍራታ ‘ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴ’ የሚል ወፍራም ጥራዝ ሰጥቷታል። ጥራዙ ተማሪው ማማ ላይ ከሆነ መምህሩ የት መሆን እንዳለበት አይናገርም። እሷ ማማው ሥር ሄደች። ሦስት ቀን ላቧን እየጠረገች ተቀምጣ ስታይ አንድ ነገር ገባት፦ ወፎቹ ጠዋት ይበላሉ፤ አራት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ግራር ውስጥ ገብተው ይጠለላሉ፤ ወደ አሥር ሰዓት ይመለሳሉ። እንግዲያው ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጆቹ ነፃ ናቸው።

ቸርኬውን አራት ሰዓት ላይ መታችው። በሳምንቱ ሠላሳ ስምንት ልጅ ክፍል ገባ። ማባዛትን በጭቃ ድቡልቡል አስተማረቻቸው፤ የተኛው ልጅ ሳይቀር ነቃ።

አቶ እውነቱ አልከለከለም። አለመከልከል ሥራ ከሆነ ታታሪ ሰው ነው። በየሳምንቱ ለኮሌጁ በሚልከው ሪፖርት ላይ ግን ‘ትምህርት በመደበኛው ሰሌዳ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በተያዘለት መርሐ ግብር እየተሰጠ ይገኛል’ ብሎ ይፈርማል። ስሙን አባቱ ያወጡለት ወደፊት የሚጽፈውን ሪፖርት ሳያዩ ነው።

ልምምዱ ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የኮሌጁ ገምጋሚ አቶ ልዑልቃል በመኪና ከተፍ አለ። በእጁ የምዘና ቅጽ ይዟል፤ ሃያ አምስት መስፈርት፣ እያንዳንዱ አራት ነጥብ። ሰዓቱን አየ። ክፍሉን አየ።

«ተማሪዎቹስ?»

«አራት ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ መምህር» አለች ኤፍራታ።

«ሪፖርቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚለው።»

አቶ እውነቱ መሬት መሬት አየ።

«አሁን ወፍ ላይ ናቸው። ትንሽ ቢጠብቁን...»

«ወፍ ልገመግም አልመጣሁም፣ እህቴ። ከዚህ ቱርሚ እሄዳለሁ፤ እዚያም የሚጠብቁኝ አሉ። ክፍል ከሌለ ‘አልተሟላም’ ብዬ እሄዳለሁ። አልተሟላም ማለት ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ልምምዱን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከሀ መጀመር ማለት ነው።

አቶ እውነቱ ጠጋ ብሎ፣ «አንድ ሰዓት እኮ ናት፣ ኤፍራታ። በአንድ ሰዓት ምን ይመጣል?» አላት። ዘጠኝ ዓመት አርቦሬ የኖረ ሰው ነው ይህን ያለው።

ሄዳ ቸርኬውን መታች።

ልጆቹ ያለ ሰዓቱ ሲሰሙት ግራ ተጋቡ። ግን መምህሯ እስከ ዛሬ ያለ ምክንያት ደውላ አታውቅም፤ ከየማማው ወርደው መጡ። ብዙዎቹ እርሻው ላይ ታላቅ ወንድም ወይም አክስት ነበራቸው። የቦሼ ልጅ ሃዊ ግን ብቻዋን ነበረች። ቦሼ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያን ጠዋት ሩቅ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች፤ እርሻዋም ግራሮቹ አጠገብ፣ ዳር ላይ ነው።

ትምህርቱ ስለ ክፍልፋይ ነበር። ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ። ልጆቹ በቡድን ተቀመጡ፣ ድቡልቡሉን ተካፈሉ፣ እጅ አወጡ። አቶ ልዑልቃል ከኋላ ተቀምጦ ምልክት ያደርጋል። በመካከሉ ከውጭ ዝናብ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሃዊ ከወንበሯ ብድግ ብላ በመስኮት አየች።

«ሃዊ፣ ወደ ሰሌዳው» አለች ኤፍራታ።

ልጅቱ ተቀመጠች። አቶ ልዑልቃል ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ‘የተማሪዎችን ትኩረት መሳብ’ በሚለው አንጻር አራት ጻፈ። ከአራት አራት።

ሲወጣ እጇን ጨበጣት። «ዘጠና አራት። በዚህ ዞን እንዲህ ያለ የክፍል አያያዝ አላየሁም» አለ፤ መኪናውም አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

ፍሬ የከበደው ማሽላ ራሱን ደፍቶ ይቆማል፤ የተበላው ቀና ይላል። የቦሼ እርሻ ግማሹ ቀና ብሎ ነበር።

ቦሼ ስትመለስ ውሃውን አስቀመጠች፤ እርሻውን አየች፤ ልጇን በአርቦሬኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። ከዚያ ማማው ላይ ወጣች። ኤፍራታ ሁለት ጊዜ እስከ አጥሩ ድረስ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ጥራዙ ስለዚህ ምዕራፍ የለውም።

አርብ የስንብት ዝግጅት ሆነ። አቶ እውነቱ ለስላሳ አስመጥቶ ንግግር አደረገ፦ «መምህርት ኤፍራታ በቆይታዋ ያስመዘገበችው ውጤት ለትምህርት ቤታችን ኩራት ነው። ዘጠና አራት። ይህ የሁላችንም ነው።» የቦሼንም ማሽላ ከሁላችን መካከል ይቆጥረው አይቆጥረው አልተናገረም። እናቶች በቅል ወተት አመጡላት፤ ልጆች ዶቃ አንገቷ ላይ አሰሩላት። ኤፍራታ እያመሰገነች ዓይኗ ሰው ይፈልጋል። ቦሼ አልመጣችም። ሃዊም የለችም።

የኮሌጁ ሚኒባስ መጣ። ከሌላ መንደር የተሰበሰቡ ሰልጣኞች በመስኮት ይጠሯታል። ሰኞ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ምዝገባ ያበቃል፤ ያመለጠው ለከርሞ ነው። ሻንጣዋን አቀበለችና፣ «አንድ ሰው ተሰናብቼ መጣሁ» አለች።

ቦሼ ማማው ላይ ነበረች። የቦሼ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ መምህር፣ መኪናህ መጣ» አለች ወደ ታች ሳታይ።

«ልሰናበትሽ ነው። ይቅርታ ልልሽ ነው።»

«ይቅርታ ወፍ አያባርርም።»

ቦሼ አንድ ድቡልቡል ወረወረች፤ ከማሽላው ላይ ወፎች እንደ ጨርቅ ተገፍፈው ተነሱ።

«አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ኤፍራታ።

«እህል የለም። ወንድሜ ሩቅ ነው፣ በእግር አራት ቀን፣ መሄድ አራት መመለስ። እህል እለምናለሁ። ግን ብሄድ ሃዊ ብቻ ነው። ሁለት ማማ፣ አንድ ልጅ። ብቀመጥ የቀረው ይተርፋል፣ ግን አይበቃም።» ይህን ያለችው ስሞታ ሳታስመስል፣ የመንገድ ርቀት እንደሚናገር ሰው ነው። «አንተ ሂድ። አንተ ጥሩ መምህር ነህ፤ ሁሉም ይላል።»

ከመንገዱ ጥሩምባ ተሰማ። አቶ እውነቱ እየሮጠ አጥሩ ጋ ደረሰ።

«ኤፍራታ፣ መኪናው ሊሄድ ነው እኮ።»

«ሻንጣዬን አውርዱልኝ።»

«ምን?»

«ሻንጣዬን። ይሂድ።»

«ምዝገባውስ? ልጄ፣ አብደሻል? ዘጠና አራት አምጥተሽ?»

«ዘጠና አራቱ የት ይሄዳል፣ ጋሽ እውነቱ። ወረቀት ላይ ነው። ወፍ አይበላውም።»

ቦሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየቻት። «ወንጭፍ ታውቃለህ?»

«ገዘር ዝንጀሮ ሳባርር ነው ያደግሁት» አለች ኤፍራታ።

ቦሼ አልሳቀችም፤ ወንጭፉን ግን ወረወረችላት።

ቦሼ ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ አሥራ ሁለት ቀን ሃዊ በአንዱ ማማ፣ መምህሯ በሌላው ዋሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ኤፍራታ ከወፍ ይልቅ ማሽላውን መታች፤ ሃዊ ከወዲያ ማማ፣ «መምህር፣ ወደ ሰሌዳው» እያለች ሳቀችባት። ኤፍራታ የእናቷን ቀይ ሹራብ እንጨት ላይ አልብሳ ዳሩ ላይ ተከለችው። ወፎቹ ሁለት ቀን ፈሩት፤ በሦስተኛው ትከሻው ላይ አረፉ። ክንዷ አብጦ ማንኪያ ማንሳት አቃታት። ቦሼ በዘጠነኛው ቀን በሁለት አህያ ከፊል ጭነት እህል ይዛ ተመለሰች፤ አሥራ ሁለቱ ቀን ሲሞላ የቀረውን ማሽላ ሦስቱም አብረው አጨዱት።

ስንብቱ የሆነው ያኔ ነው። ንግግር አልነበረም፤ ለስላሳም አልነበረም። ቦሼ እስከ መንገዱ ሸኘቻት፤ ወደ ወይጦ የሚሄድ አይሱዙ እስኪመጣ አብራት ቆመች። ኤፍራታ ሹራቧን መርሳቷን ያስታወሰችው እግሯን መኪናው ላይ ስታደርግ ነው።

«ይቆይ» አለች ቦሼ። «ለከርሞ።»

ገዘር ስትደርስ እናቷ ያበጠውን ክንድ አዩና መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ሹራቡስ?» ብለው ነው።

ምዝገባው አልፎ ነበር። ጓደኞቿ ተመርቀው ሲቀጠሩ እሷ አባቷ እርሻ ላይ አንድ ዓመት ዋለች፤ ከዚያ ጨርሳ ተመረቀች። ዘጠና አራቱን ማንም አልነካባትም፤ ፋይሏ ውስጥ እስከ ዛሬ ጤናማ ነው። የሥራ ምደባ ሲመጣ ማንም የማይፈልገውን ቦታ ጠየቀች፤ ጥያቄዋም ያለ አንዳች ውድድር ተፈቀደላት። ሹራቡ ዳሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቀይ መሆኑ ግን ቀርቷል።

አሁን አርቦሬ ያስተማረችበት ዓመት ከስድስት አልፏል። ሃዊ ጂንካ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ማሽላው እሸት በያዘባቸው ሳምንታት ቸርኬው አራት ሰዓት ላይ ይመታል፤ የቀረው ዓመት እንደ አገሩ ሁሉ ሁለት ሰዓት ተኩል። በየዓመቱም በታኅሣሥ ‘የትምህርት ሰዓትን ያለ አግባብ ስለመቀየር’ የሚል ደብዳቤ፣ ማህተሙ ያማረ፣ ይደርሳታል። ያለፈው ስድስተኛው ነው፤ ‘የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ’ ይላል፤ ከደረጃ ዝቅ እንደምትል፣ ካልታረመችም እንደምትሰናበት ይዘረዝራል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ግልባጭ የተደረገላቸው አምስት ክፍሎች አሉት። ግሪሳ የሚል ቃል የለውም።

ያንን ደብዳቤ የፈረምከው ሰው ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ ይቅርታ በል አንልህም፤ ይቅርታ ወፍ አያባርርም። አንድ ነገር ብቻ እንለምንሃለን። በመጪው ታኅሣሥ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ወደ ቦሼ እርሻ ሂድ፤ ማማው ለአንተም ይበቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቸርኬው እንዲመታ ራስህ እዘዝ፤ ልጆቹም ይውረዱ። ከዚያ ዝናብ የሚመስለውን ድምፅ ስትሰማ፣ እባክህ፣ ወደ ማሽላው ዞር በልና ደብዳቤህን ከኪስህ አውጥተህ ለወፎቹ ጮክ ብለህ አንብብላቸው።