የእናቴ ገመድና የደረቀው ጥድ

ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ጊዜ እኛ ኮልፌ ነበርን። አባቴ ዱር ገብቷል፤ እናቴ የእንሰት ቃጫ እየገመደች፣ ገመድ እየሸጠች ታሳድረናለች። ከቤታችን ጀርባ አንድ የደረቀ ጥድ ወደ ጣሪያው አዘንብሎ ቆሟል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ እንኳ ሳይነፍስ፣ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ የሣር ክዳኑን በስቶ ገባ። አራስ እህቴ ከተኛችበት መደብ ክንድ ያህል ርቆ ነው የወደቀው።

እናቴ በማግስቱ እንጨት ቆራጭ ጠራች። ሰውየው ግንዱን በምሳሩ ጀርባ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ።

«ውስጡ ባዶ ነው። እንዲሁ ብቆርጠው ቤቱ ላይ ነው የሚመጣው። ከጣሊያን ካምፕ የብረት ገመድ ይለምኑ» አላት።

እናቴ የጣሊያን ደጅ የምትጠና ሴት አልነበረችም። ደግሞስ «ባልሽ የት ነው?» ቢሏት ምን ልትል ነው?

«ገመድ እኔም አለኝ» አለችው።

«እሜቴ፣ የእርስዎ ገመድ እኮ አህያ ለማሰር ነው!» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሦስት ቀን ሙሉ ገመደች። ለገበያ ያስቀመጠችውን ቃጫ ሁሉ ጨረሰችው። ሦስት ገመድ አንድ ላይ ከገመደች በኋላ ቆም ብላ አሰበችና አራተኛ ጨመረችበት።

ጎረቤቱ ሁሉ ለመሳብ ተሰበሰበ። ቆራጩ በመሰላል ወጥቶ ገመዱን ግንዱ ላይ አሰረና «አራሷ ትውጣ» አለ። እህቴ ግን «ልጄ ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አልወጣም» ብላ ድርቅ አለች። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰችው አልጠፋንም። እናቴ አልተጨቃጨቀችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«በል ቁረጥ! ገመዴን አውቀዋለሁ» አለች ከውስጥ።

እኔም ከሰዎቹ ጋር ገመዱን ይዣለሁ። ግንዱ ተሰነጠቀና ወደ ቤቱ ዘመም አለ። ገመዱ ተወጠረ፤ ከላይ አንድ ነገር ጧ ብሎ ሲበጠስ ጮህኩ። ሳብን፣ ደግመን ሳብን፤ ጥዱ ዞሮ ሜዳው ላይ ተገነደሰ።

እናቴ ወጥታ በቀጥታ ወደ ገመዱ ሄደች። በጣቷ እየዳሰሰች ፈለገችው፤ ከአራቱ አንዱ ተበጥሷል። ለቆራጩ አሳየችው።

«አራተኛዋን ለዚህ ነበር የጨመርኳት» አለችው።

«ወንድ የሌለበት ቤት» ይሉን የነበሩ ጎረቤቶች ሁሉ ቆመው ሰሙ። እንደዚያን ቀን የእሷ ልጅ በመሆኔ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ቆራጩ አንገቱን እያከከ ቀረብ አለ። «እሜቴ፣ እስቲ ለኔም እንደዚህ ያለ ገመድ ይስሩልኝ።»

«ምነው፣ አህያ ገዛህ እንዴ?» አለችው።