ተልባ የጠጣችው መኪና

ባለፈው ሁዳዴ ተልባ እየቆላሁ ሳለ ትንሹ ልጄ ደረጃው ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ሰምቼ ሮጥኩ፣ ክንዱን አጥቤ፣ ራሱን እንዳልመታ ደጋግሜ ጠይቄ ስመለስም ተልባው ከስሎ ቤቱን ጭስ ሞልቶት አገኘሁት። መስኮቱን ከፍቼ፣ ምድጃው መጥፋቱን አይቼ፣ እንደገናም አይቼ፣ የጋለውን መጥበሻ ውኃ ውስጥ ስነክረው የተልባና የትኩስ ብረት እንፋሎት ተቀላቅሎ ፊቴን መታኝ። ለልጆቼ ያ ሽታ ያረረ ምግብ ሽታ ነው። ለእኔ ግን የመኪና ሽታ ነው፣ አባቴ አዲስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የቆመበት ቀን ሽታ ነው።

ያኔ ቤታችን ጎፋ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪናዎችን ይጠግን ነበር፣ ክር የሚበጥሰውን፣ መርፌ የሚሰብረውን መኪና ጆሮውን አስጠግቶ አዳምጦ ሕመሙን የሚያውቅ፣ በሥራው የተከበረ ሰው ነበር። ችግራችን የመጣውም ከዚሁ መከበር ነው። ከአንድ ጡረተኛ ላይ አሮጌ አረንጓዴ መኪና ገዝቶ ሲመጣ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈን የሚሉት፣ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ ነጭ ነበርና እናቴ ግንባሩ ነጭ እንደሆነ በሬ «ቦራ» ብላ ስም አወጣችላት፣ ስሙም በዚያው ጸና። አባቴ ጋራዥ የሚባል ነገር አያምንም ነበር።

«የስፌት መኪና ውስጡን ብታይው ትደነግጫለሽ፣ ከእሱ የባሰ ረቂቅ ነገር የለም» ይላት ነበር እናቴን።

«እሱ ግን ሰው ጭኖ አይሄድም» ትለው ነበር እናቴ።

በመጀመሪያው ክረምት ክላክሷ ዝናብ ገብቶበት ዝም አለ። አባቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሪውን ፈትቶ፣ በመርፌ ጠራርጎ፣ በስፌት መኪና ዘይት አርሶ መልሶ ገጠመው፣ ክላክሱም ነፍስ ዘራ፣ ግን ከዚያ ወዲያ ቦራ መሪዋ ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር ትጮኽ ጀመር። ወደ ግራ ስትታጠፍ ዝም ትላለች፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ታለቅሳለች። ወደ ቤታችን የሚያስገባው መታጠፊያ በቀኝ በኩል ስለነበር አባቴ ከሥራ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር፣ ጎረቤቶቻችንም «ጋሽ ወርቁ ገቡ፣ እራት ይቅረብ» እያሉ ይስቁ ነበር። ይህን ቻልነው። ነሐሴ ላይ ግን የእድር ሰው ሞቶብን አባቴ እናቴን፣ የሰፈር ሴቶችንና እኛን ልጆቹን ጭኖ ለቅሶ ሲሄድ፣ የለቅሶው ድንኳን በስተቀኝ ነበርና ቦራ እንደ ሰርግ መኪና እየጮኸች ድንኳኑ ደጃፍ ደረሰች። አልቃሾቹ ሁሉ ዞረው አዩን። እናቴ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ወረደች፣ ስንመለስም ከአባቴ ጎን መቀመጥ ትታ ከኋላ ከእኛ ጋር ተቀመጠች።

መስከረም ሲጠባና መንገዱ ሲደርቅ አባቴ ደግሞ የኋላውን በር መስታወት አስተካክላለሁ ብሎ በሩን ፈታታው። ሲገጥመው ቡሎኖች ተረፉት። «ፋብሪካው ለጥንቃቄ ብሎ አብዝቶ ነው የሚያስረው» አለና የተረፉትን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አስቀመጣቸው። መስታወቱ ከዚያ በኋላ በደንብ ወረደ፣ ግን ተመልሶ አልወጣም፣ በሩም ከውስጥ አልከፈት አለ፣ ከውጭ ብቻ ይከፈት ነበር። እኔ በልጅነቴም ፈሪ ነበርኩ፣ በዚያ በር በኩል ስቀመጥ ከመንገዱ ይልቅ የማየው መያዣውን ነበር፣ አባቴ መጥቶ እስኪከፍትልኝ ድረስም ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር። ዛሬ ልጆቼን መኪና ውስጥ ሳስገባ በሩን ከውስጥም ከውጭም ሳልሞክር አልዘጋባቸውም፣ ባለቤቴ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ጥር ሲደርስ የአጎቴ የታደሰ ነገር መጣ። ታደሰ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ እናትና አባታቸው ሲሞቱ ገና ሕፃን ስለነበር አባቴ ከማግባቱ በፊት ጀምሮ እሱን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ለሥራ አብቅቶታል። ታደሰ የወደዳት ልጅ ጫልቱ ትባላለች፣ ሀና ማርያም ከሚባለው ሰፈር ነባር ገበሬዎች ቤት ነበረች፣ አባቷ ኦቦ ቶላ ጤፍ እያረሱ፣ ወተትም ለከተማ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ቀልዳቸው የሚፈራ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ኦቦ ቶላ አንድ ነገር ጨመሩ።

«የእህቴ ልጅ አዲስ መኪና አለው፣ ለሙሽሮቹ ይሁናቸው፣ እናንተ አትቸገሩ» አሉ።

አባቴ ተነስቶ ቆመ። «ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቱንም የማመጣለት በራሴ መኪና ነው» አለ። በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ነበር፣ ሰርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦራን በየማታው በጨርቅ ይወለውላት ጀመር።

ሁዳዴ አጋማሹ ላይ ሲደርስ ቦራ ውኃ ማፍሰስ ጀመረች። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውኃ የሚይዘው ራዲያተር ከታች ቀዳዳ አበጅቶ ጠዋት ጠዋት ከሥሯ ትንሽ ኩሬ እናገኝ ነበር። አባቴ ቀዳዳውን በሳሙና ደፈነው፣ ለቀቀ፣ በማስቲካ ደፈነው፣ ለቀቀ። ማስቲካውን እንድናላምጥለት ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ አድሎን ስለነበር እኛ ይህን ጥገና እጅግ ወደድነው። በመጨረሻ ድሮ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩት ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው አጥሩ ላይ ተደግፈው መድኃኒቱን ነገሩት።

«ሁለት እንቁላል ሰብረህ ጨምርበት። ሲፈላ ይረጋና ቀዳዳውን ራሱ ፈልጎ ይደፍነዋል። በረሃ ላይ ስንት ጊዜ አውጥቶኛል መሰለህ።»

እናቴ ከማድቤት ብቅ አለች። «በሁዳዴ? እንቁላል? በእኔ ግቢ ውስጥ?»

«አስካለ፣ ማን ሊበላው ነው? መኪና እኮ ነው» አለ አባቴ።

«ሽታውስ? ከፋሲካ በኋላ ከፈለግህ ዶሮውንም ጨምርበት።»

«ሰርጉ በፋሲካ ሳምንት ነው፣ መቼ ልሞክራት?»

እናቴ ወደ ማድቤቷ ዞር ብላ አየች። በጾም ቀን የእንቁላልን ቦታ፣ የወተትን ቦታ፣ የሥጋን ቦታ በሌላ ነገር መሙላት የለመደች ሴት ነበረች። «ተልባም እኮ ይረጋል» አለች።

ጋሽ በላቸው ሳቃቸው መጣ። «እትዬ አስካለ፣ ተልባ ለሰው አንጀት ነው።»

«ለአንጀት የሆነ ለቱቦ አያንስም» አለች እናቴ፣ ገብታም መቁላት ጀመረች።

አባቴ ካቻቢቴውን በእጁ ይዞ ቆሞ ሲያስብ አየዋለሁ። ከዚያ የተወቀጠውን ተልባ ተቀብሎ በውኃ በጥብጦ ራዲያተሩ ውስጥ አንቆረቆረው፣ ሞተሩንም አስነሳ። ፍሳሹ ቆመ። በማግስቱ ከመኪናዋ ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነበር፣ በሦስተኛውም ቀን ደረቅ ነበር፣ ጎረቤት እየመጣ ጎንበስ እያለ ያይ ጀመር፣ እናቴም ለሚጠይቃት ሁሉ «የጾም ነገር በረከት አለው» ትል ነበር። አባቴ እስከ ገበያው ድረስ ነድቷት ተመለሰና ምንም ስላልሆነች እስከ ሰርጉ ድረስ እንዳትደክም ብሎ አቆማት። ሕማማቱም ፋሲካውም አለፈ፣ ቦራ ቆማ፣ ተልባውም በውስጧ እያበጠ ነበር፣ ይህን ግን ማናችንም አላሰብንም።

የሰርጉ ቀን ቦራ በአበባና በሪባን አጊጣ ነበር። ደንቡ አባቴ ቤት ሆኖ ሙሽሮቹን መቀበል ነበር፣ እሱ ግን ቃል አለብኝ ብሎ እናቴን ድንኳኑ ውስጥ ትቶ ራሱ መሪ ጨበጠ፣ ታደሰን ከጎኑ አስቀመጠ፣ እኔ በነጭ ቀሚስ ከአንድ ሚዜ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ሚዜዎች በተከራዩት መኪና ይከተሉ ነበር። ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት የሚባለውን አካባቢ አልፈን ወደ ሀና ማርያም የሚወስደው መንገድ ያኔ አቧራና ኮረት ብቻ ስለነበር በእግር ሰው ፍጥነት ነበር የሄድነው። እጀባውም ይጨፍራል፣ ፀሐዩም ይከርራል። ኦቦ ቶላ ደጃፍ ስንደርስ ከነጩ ኮፈን ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር።

ታደሰና ሚዜው ወርደው ሙሽራዋን ሊያመጡ ገቡ። አባቴ ለማንም ሳይናገር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ መሐረቡን እጁ ላይ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን መፍታት ጀመረ፣ ሙሽሮቹ እስኪወጡ ድረስ ነገሩን ሊጨርስ ፈለገ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፣ ይህን ዛሬ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ልክ ሙሽሮቹ ብቅ ሲሉ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ክዳኑ ተፈናጥሮ ሄደና ቡናማ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር እየፈላ ወደ ላይ ወጣ። አባቴ ወደ ኋላ ዘለለ፣ ፊቱን አተረፈ፣ ከወገቡ በታች ግን አዲሱ ሱሪ በሙሉ ተልባ ሆነ። ሱሪው ወፍራም ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አሁን እናት ሆኜ ማሰብ አልፈልግም።

እልልታው ቆመ። ኦቦ ቶላ በከዘራቸው ዝልግልጉን ነካ አድርገው አሸተቱ።

«ይሄ ተልባ ነው እንዴ?»

«ቀዳዳ ነበራት» አለ አባቴ።

«ለቀዳዳማ እንቁላል ነው» አለ መኪና ያለው የእህታቸው ልጅ።

አባቴ ተልባውን ከሱሪው ላይ በእጁ እየጠረገ መሬት መሬት እያየ «ጾም ነበር» አለ። የእናቴን ስም ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልጠራም።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «መኪናዋም ትጾማለች!» «አቁርቧት እንግዲህ!» «ስንቋን ይዛ ነው የመጣችው!» ይባል ጀመር፣ ኦቦ ቶላም ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ ባለመኪናው ልጅ ግን ሮጦ መኪናውን አስነሳ፣ ያቺ መኪና ለካ ታጥባ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ወደ ኦቦ ቶላ ዞረና «ቃሌን አጥፌያለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ ለታደሰም «በሉ ግቡ፣ ሰው ይጠብቃል» አለው። እኔ ከኋላ፣ በዚያ ከውስጥ በማይከፈተው በር በኩል ተቀምጬ ሁሉንም በተከፈተው መስኮት አያለሁ፣ በሩን የሚከፍትልኝ ሰው አልነበረም።

ታደሰ ወደ አዲሲቱ መኪና አልሄደም። የጫልቱን እጅ ይዞ ወደ አባቴ መጣና በጉልበቱ ላይ ተደፋ።

አባቴ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ተው፣ ኧረ ተው ልጄ፣ ይህ የሚሳም አይደለም፣ ቤት ስትደርሱ...»

«ጋሼ፣ ቤት ስንደርስ የማንን ጉልበት ልንስም ነው?» አለ ታደሰ።

ቀኙን ሳመ፣ ግራውን ሳመ። ሲነሳ ከንፈሩ ላይ ተልባ ነበረበት። ከዚያ ጫልቱ ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባ ጎንበስ አለች፣ አባቴ ትከሻዋን ይዞ ሊያስቀራት ሞከረ፣ አልቀረችም፣ የቬሏ ጫፍ ከእጇ አምልጦ ሱሪው ላይ ተለጠፈ። ኦቦ ቶላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባቴ አንድ ቃል ምርቃት አልወጣውም፣ እጁን ራሳቸው ላይ ጫነ፣ እነሱም ትንሽ ጠብቀው በአዲሲቱ መኪና ሄዱ።

እኛ ከኦቦ ቶላ ልጆች ጋር ራዲያተሩን በባልዲ ውኃ ስናጥብ ቆይተን አመሻሽ ላይ ጎፋ ገባን። እናቴ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ሱሪውን አየችው፣ ቀና ብላም አባቴን አየችው። «ትንሽ ሙቀት ነበራት» አላት። ሱሪውን በማግስቱ ራሷ አጠበችው፣ እኔ ላግዝሽ ስላትም አልሰጠችኝም።

ዘንድሮ የታደሰና የጫልቱ የመጀመሪያ ልጅ ተዳረች። ዛሬ መኪና የሚበላሸው ከእኛ ተደብቆ ነው፣ የባለቤቴ መኪና የማስጠንቀቂያ መብራት ስታበራ ወደ ጋራዥ ይወስዳታል፣ በኮምፒውተር ያዩዋታል፣ እኛ ቤት ኮፈን የሚከፍት ሰው የለም፣ እኔም በዚህ ደስተኛ ነኝ፣ ልጆቼ ከጋለ ነገር ርቀዋል። ሰርጉ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ታደሰ ጸጉሩ ሸብቷል፣ በጥቁር ሙሉ ልብስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙሽሮቹ ጉልበቱን ሲስሙ፣ ቪዲዮ አንሺው ብርሃኑ አልተመቸኝም ብሎ «እንደገና» አላቸው፣ ሳሙት፣ «ሙሽራዋ ቀና ብለሽ፣ አንዴ እንደገና» አላት፣ ሳመችው። ታደሰ በትዕግሥት ተቀምጦ አስሳመ። ጫልቱን አየኋት፣ እሷም ዞር ብላ አየችኝ። በእነሱ ሰርግ ቀን ፎቶ አንሺው የሙሽሮቹን መግባት ሊያነሳ በሌላ መኪና ቀድሞ ወደ ጎፋ ሄዶ ስለነበር በአልበማቸው ውስጥ አባቴ የለም። ያ ስሞሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ ካየነውም ውስጥ በሕይወት ያለነው ጥቂት ነን።